አሮጌው ባለ መስፍ ሞርሳ፦ ከደሴ የቁራሌ መደብ እስከ ሥራ ጠረጴዛ

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን እናስቀድም። ሞርሳና መስፍ፣ ማለትም ብረት የሚያዝበት መንጋጋና ብረት የሚቀጠቀጥበት መቀጥቀጫ፣ በአንድ አካል የያዘው አሮጌ ዕቃ በሞርሳነቱ የሚታመን ነው፤ መስፉን ግን ልኩን አውቆ መያዝ ያስፈልጋል። ሞርሳውን መርምራችሁ ግዙ፣ መስፉን ሻጩ ከላይ ጣል እንዳደረገላችሁ ምርቃት ቁጠሩት። በዚህ ሐሳብ የገዛ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ዕቃ ያገኛል። መስፍ አገኘሁ ብሎ ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻ ያነሣበት ግን አንድ ቀን የኋላው ክፍል ከአንገቱ ተገንጥሎ መሬት ላይ ያገኘዋል።

ዕቃው ከፊቱ ሲታይ እንደማንኛውም የጠረጴዛ ሞርሳ ነው፦ አንድ ቋሚ መንጋጋ፣ አንድ ተንቀሳቃሽ መንጋጋ፣ በመካከላቸው መንጋጋውን የሚስበው ረጅም ባለ ክር ዘንግ፣ ማለትም ዋናው ቪቴ። ልዩነቱ ከጀርባው ነው። የቋሚው መንጋጋ አካል ወደ ኋላ ይረዝምና ላዩ ጠፍጣፋ የመስፍ ፊት፣ ጫፉ ደግሞ የሾለ ቀንድ ይሆናል። የመንጋጋው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኢንች ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ዕቃ በፖስታ ትእዛዝ ካታሎግ ለገበሬዎች ይሸጥ ነበር። የታሰበውም ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ላለው፣ ማጭድ ለሚያቃና፣ ሰንሰለት ለሚጠግን ሰው ነው። ባለ እጅ ቀኑን ሙሉ እንዲቀጠቅጥበት የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ስሙ ራሱ ሁለት ዘመን ይዟል። ሞርሳ፣ ጊዛ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የገቡ የወርክሾፕ ቃላት ናቸው። መስፍ ግን የራሳችን የባለ እጆች ቃል ነው፤ ደሴ ጋራዥ የሚባል ነገር ሳታውቅ በፊት ማረሻና ወገል የሚቀጠቀጥበት ነበር። ዕቃውን ለመመዘንም ይህንን መለያየት ማስታወስ ይጠቅማል። ሞርሳ ይዞ ያጠብቃል፣ መስፍ ምት ይቀበላል። አንድ ዓይነት ብረት ሁለቱንም እኩል አይችልም።

የት ይገኛል

ደሴ ውስጥ በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አትፈልጉት፤ እዚያ ያለው አዲሱና ቀላሉ ነው። አሮጌው የሚወጣው ቁራሌው ሰፈር ለሰፈር ዞሮ የሰበሰበውን ከሚያራግፍበት የአሮጌ ብረት መደብ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር በኪሎ ስለሚለካ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ በአንድ ክምር፣ አካሉ በሌላ ክምር ተጥሎ ሊገኝ ይችላል። አካሉን ብቻ ካያችሁ ተስፋ ሳትቆርጡ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ቁራጭ የለም?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንዱ ሞርሳ መንሸራተቻ፣ ማለትም የተንቀሳቃሹ መንጋጋ ጅራት፣ በሌላው አካል ቦይ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ይወዛወዛል። ስለዚህ ጥንዱ ካልተገኘ ዕቃው ለማቅለጫ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው ምንጭ የቆዩ ጋራዦች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ደሴን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከተማዋ ለጥገና ሥራ ባዳ አይደለችም። ባለቤቱ ሲያረጅ ወይም ቦታው ሲለቀቅ መሣሪያው ይሸጣል። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከፋብሪካ ጥገና ክፍል ያገለገለ ዕቃ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በጨረታና በጅምላ ነው፤ አንድ ሞርሳ ለብቻው የሚገዛው ጨረታውን ካሸነፈው ነጋዴ ነው። ዕቃው ከየት እንደወጣ መጠየቅ ዋጋ አለው፤ ያለፈበት ሥራ የደከመበትን ቦታ ይጠቁማል። ፋብሪካ የነበረው አካሉ ንጹሕ ሆኖ ቪቴው ሊበላ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። ጋራዥ የነበረው ደግሞ መስፉ ተቀጥቅጦ፣ እጀታው ጎብጦ ይገኛል። ከትምህርት ቤት ወርክሾፕ የወጣ ከተገኘ ጥሩ ዕድል ነው፤ መንጋጋው በመጋዝ የተጫረ ቢሆንም ቪቴው ብዙ አልሠራም።

ዝገቱ ሥር የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ ጠመኔ አሹበት፤ ፊደሉ ጎልቶ ይወጣል። በሼፊልድ የተሠራው «ሪከርድ» ከተገኘ ቁጥሩ መጠኑን ይነግራችኋል፦ 3 ቁጥር ባለ 4 ኢንች መንጋጋ፣ 5 ቁጥር ባለ 5፣ 6 ቁጥር ባለ 6 ኢንች ነው። ቀንድ ባይኖረውም አትለፉት።

ከመግዛት በፊት የሚታየው

ለምርመራ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ ጠመኔ፣ አንድ አሮጌ ሞረድ፣ ከተበላሸ ትልቅ ኩሽኔታ የወጣ አንድ ኳስ፣ ሁለት ቁራጭ ወረቀት።

የመጀመሪያው ጉዳይ ስንጥቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይጠገናል፣ የጊዛ ስንጥቅ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ጊዛ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ፣ በውስጡ እንደ እርሳስ ከሰል ያለ ግራፋይት በቅጠል በቅጠል የተበተነበት ብረት ነው። ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱትና ሲመቱት ግን በእነዚያ ቅጠሎች በኩል ይሰነጠቃል። መስፉ ሲመታ የኋላው ክፍል ወደ ታች ስለሚጎነበስ ላዩ ይወጠራል፤ ስለዚህ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቋሚው መንጋጋ ሥር፣ መስፉ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ ነው። ሌላው ቦታ የመንሸራተቻው ቦይ የታችኛው ከንፈር ነው፤ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክተው ሲያጠብቁ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። የመቀመጫው ጆሮዎች፣ ቡሎን የሚገባባቸው፣ የመጨረሻዎቹ ናቸው። የእነሱ ስብራት ግን ብዙ አያሳስብም።

ዝገት ላይ ስንጥቅ በዓይን አይታይም። አንገቱን በብሩሽ አጥሩ፣ ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና በጨርቅ በደንብ አድርቁ። ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ በላዩ በስሱ ነስንሱና በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ኳኳ አድርጉት። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ይሥላል። መስመሩ እያያችሁት ይረዝማል። አንገቱ ላይ ያንን ካያችሁ በኪሎ ዋጋም ቢሆን ለመስፍነት አትግዙት። ቢጫ መስመር ካያችሁ ደግሞ ከዚህ በፊት በነሐስ ተበይዷል ማለት ነው፤ በደንብ የተሠራ የነሐስ ብየዳ ለሞርሳ ሥራ ይበቃል፣ መስፍ አድርገው ሊመቱበት ግን አይገባም።

ቀጥሎ ቪቴው ነው። ሙሉ በሙሉ ክፈቱና ክሩን እዩ። የደህና ሞርሳ ክር ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ የክሩ ጥርስና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ተቀራራቢ ስፋት አላቸው። ጫፉ እንደ ቢላ ከሾለ ዕድሜው አልቋል። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ሞርሳ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቀጭን ነገር ስለሆነ ዳዶው፣ ማለትም ቪቴው የሚዞርበት ባለ ክር ቀዳዳ፣ ውስጥ የሚሠራው የቪቴው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ልቅነቱን ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍታችሁ ሞክሩ። ሻጩ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍቶ «ይኸው ምንም አልላላም» ቢል እውነቱን ነው፣ ግን ያልተሠራበትን ቦታ ነው የሚያሳየው። እጀታውን ወዲያና ወዲህ አዙሩ፤ መንጋጋው ሳይነቃነቅ ቪቴው ሩብ ዙር ቢዞር ለአሮጌ ዕቃ ምንም አይደለም። ከግማሽ ዙር ካለፈ ዳዶው ተበልቷል፤ የቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ሥራ ዋጋ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ለመንጋጋው ሁለቱን ወረቀቶች በግራና በቀኝ ጫፍ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ሁለቱም እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ ከወጣ መንሸራተቻው ወደ ጎን ተበልቷል ወይም የመንጋጋው ጥርስ፣ ማለትም ፊቱ ላይ በብሎን የሚታሰረው ሸካራ ሳህን፣ ሥር ቆሻሻ ገብቷል። ምንም ሳይይዝ ሲዘጋ ከላይ ቀድሞ ቢገናኝ፣ ከታች በጣም ጠባብ ብርሃን ቢታይ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሲጠብቅ ይስተካከላል። ከታች ተገናኝቶ ከላይ የሚከፈት ከሆነ ግን የያዘውን ሁሉ ይተፋል።

መስፉ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። ከሥሩ በማይታይ ቦታ በሞረድ ሦስት አራት ጊዜ ፈግፍጉና የወደቀውን በጣታችሁ አሹት። ጊዛ ከሆነ ዱቄቱ እንደ አፈር የደቀቀ ነው፣ ጣትን እንደ እርሳስ ያጠቁራል፤ ጥቁረቱ ግራፋይቱ ነው። ስቲል ከሆነ የሚወድቀው የሚያብረቀርቅ ስለታማ ቅንጣት ነው፣ ጣትን አያጠቁርም። በመሰርሰሪያም እንዲሁ፦ ጊዛ ይፈረፈራል፣ ስቲል ይጠቀለላል። ከዚያ የኩሽኔታውን ኳስ ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መስፉ ፊት ላይ ልቀቁት። ጥሩ የጠነከረ የስቲል ፊት ኳሱን ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ ይመልሰዋል። የጊዛ ፊት ላይ ብዙውን ጊዜ ግማሹንም አይደርስም። አንዳንዱ ዕቃ አካሉ ጊዛ ሆኖ ፊቱ ላይ የስቲል ሳህን ተጣብቆበታል፤ ይህ ሲመታ አይጮህም፣ ኳሱን ግን በደንብ ይመልሳል። ስለዚህ ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ።

ክብደቱንም በሻጩ ሚዛን ላይ እዩ። ባለ 4 ኢንች ሆኖ ከ12 ኪሎ በታች ከመዘነ ግድግዳው ስስ ነው። ዋጋውን በተመለከተ አሮጌው ምንም ቢያምር ከአዲስ ተመሳሳይ መጠን ሞርሳ ዋጋ ግማሽ በላይ አይከፈልበትም፤ ቀሪው ግማሽ ለጥገናና ለአተካከል ይሄዳል። ኮምቦልቻ ላይ ገዝቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው መንጋጋውን ዘግቶና አጥብቆ ወለል ላይ ያስተኛው። በመካከላቸው ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጠመዝማዛው ብዙ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ 20 ኪሎ ብረት ሰው ይጎዳል።

መፍታት፣ ማጽዳት፣ መጠገን

የተጣበቀ ቪቴ በጉልበት አይፈታም። ናፍጣና የሞተር ዘይት ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ በዳዶው ዙሪያ፣ በአንገትጌውና በመንሸራተቻው ቦይ ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሦስት ቀን። በየመካከሉ የቪቴውን ራስ በእንጨት መዶሻ ኳኳ አድርጉት፤ ንዝረቱ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ መጀመሪያ ለማጥበቅ፣ ቀጥሎ ለመፍታት እያላችሁ በጥቂቱ አወዛውዙት። እሳት ለመጠቀም አትቸኩሉ። ጊዛ አንድ ቦታ ብቻ ሲሞቅ የሞቀው ይሰፋል፣ ቀዝቃዛው ይይዘዋል፤ መሐሉ ይሰነጠቃል። ሲፈታ ደግሞ ተንቀሳቃሹን መንጋጋ በአንድ እጅ ደግፉት። ክሩ ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል፣ የሚወድቀውም እግር ላይ ነው።

ለዝገቱ ሁለት መንገድ ይመረጣል። ለትንንሽ ክፍሎች አቼቶ ይበቃል፤ አንድ ቀን አሳድሮ፣ በብሩሽ አጥቦ፣ ቢካርቦኔት በተበጠበጠበት ውሃ ማለቅለቅ ነው። ከአንድ ቀን በላይ መተው አያስፈልግም፣ አሲዱ ጤነኛውንም ብረት መብላት ይጀምራል። ለዋናው አካል የተሻለው ኤሌክትሪክ ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ አሟሙ፤ ኮስቲክ ሶዳ አይደለም፣ እሱ ቆዳ ይልጣል። ሁለት ሦስት ቁራጭ ፌሮ በዳርና ዳር አቁሙና በሽቦ አያይዟቸው። ሞርሳውን ፌሮዎቹን ሳይነካ በመሐል አንጠልጥሉት። የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቻርጀር ጥቁሩ ገመድ ሞርሳው ላይ፣ ቀዩ ፌሮው ላይ ይታሰራል። ይህ ከተገላበጠ የሚበላው ፌሮው ሳይሆን ሞርሳው ነው፤ ሁለቴ አረጋግጡ። በፌሮ ፋንታ የማይዝግ ብረት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፣ ውሃው ውስጥ መርዛማ ክሮምየም ያወጣል። አረፋው ሃይድሮጂን ስለሆነ ሥራው ከደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራል። ሞርሳውን ለመንካት መጀመሪያ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ።

በማግስቱ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በብሩሽ ይራገፋል። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ወዲያውኑ አድርቁና ዘይት ቀቡት፤ ጉም በወረደበት የደሴ ጠዋት ራቁቱን የቀረ ብረት ቁርስ እስኪበላ ድረስ መልሶ ቀይ ይሆናል። ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ ፀረ ዝገት ቀለም አካሉ ላይ ብቻ ይቀባ። የመንሸራተቻውን ገጽ፣ የመንጋጋውን ጥርስ መቀመጫና የመስፉን ፊት ቀለም አይንካው።

የመስፉን ፊት በግራይንደር አስተካክላለሁ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። አንዳንዱ ጊዛ ፊቱ ሲፈስ በፍጥነት ቀዝቅዞ የጠነከረ ስስ ቆዳ አለው፤ ግራይንደሩ መልካም የነበረውን ያንን ቆዳ ነው የሚያነሣው። ትንሽ ጉድጓድ አይጎዳም። መነካት ያለበት ስለታም ጠርዙ ብቻ ነው፤ በሞረድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ አድርጉት። ስለታም የጊዛ ጠርዝ ሲመታ ተፈናጥሮ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የመንጋጋው ጥርስ ከጠፋ ከመኪና ባሌስትራ የተሻለ ምትክ የለም። 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን መርጣችሁ እስኪቀላ አግሉና በደረቅ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩ፤ በማግስቱ በመጋዝና በመሰርሰሪያ የሚታዘዝ ሆኖ ይወጣል። ቆርጣችሁ፣ የብሎኑን ራስ የሚውጥ ቀዳዳ በስታችሁ፣ ጥርሱን በሞረድ በሰያፍ ቅረጹ። ከዚያ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ፊቱን አጥርቶ ቡናማ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም እስኪመጣ መልሶ በቀስታ ማሞቅ። ይህ ሁሉ አድካሚ ከሆነ ሳይጠነክር ቢገጠምም ይሠራል፤ እንዲያውም ለቧንቧና ለነሐስ ዕቃ ለስላሳው ይመረጣል፣ የተያዘውን አያቆስልም።

ብየዳን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ተራ ኤሌክትሮድ በጊዛ ላይ ለጊዜው ይይዛል፤ ከመስመሩ አጠገብ ግን እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ጠንካራ ቀጠና ፈጥሮ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በያጁ «የጊዛ ኤሌክትሮድ አለኝ» ካለ ኒኬል መሆኑን ጠይቁት። ሥራው ዕቃውን በሙሉ አሙቆ፣ በ2 እና በ3 ሴንቲ ሜትር አጭር መስመር እየበየደ፣ ትኩስ ሳለ እያንዳንዱን መስመር በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጠ፣ መጨረሻ ላይ በአመድ ተቀብሮ እስከ ማግስቱ ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ ነው። እንዲህ ለመሥራት ጊዜ የሌለው በያጅ ባይነካው ይሻላል።

የተበላ ዳዶ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ቪቴውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የክሩ ርቀት የሚለካው አሥር ጥርስ ቆጥሮ ርዝመቱን ለአሥር በማካፈል ነው። ዳዶው ከነሐስ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለወደፊቱ የሚበላው ርካሹ ዳዶ እንጂ ቪቴው አይሆንም።

አተካከል

የዚህ ዕቃ ትልቁ ተፈጥሯዊ ጉድለት ቁመት ነው፤ ሻጭ ግን አይነግራችሁም። ሞርሳ ጥሩ ከፍታው የመንጋጋው ላይ ጫፍ ከቆመ ሰው ክርን ጋር ሲተካከል ነው፤ ሞረድ የሚገፋ እጅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መስፍ ግን ጥሩ ከፍታው እጅ ወደ ታች ተዘርግቶ ሲጨበጥ የጣቶቹ አንጓ በሚያርፍበት ነው። በሁለቱ መካከል ከ25 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ልዩነት የለም፣ ዕቃው ደግሞ አንድ ነው። ብዙዎች መሐል ላይ ይተክሉትና በሁለቱም ሥራ ወገባቸውን ያማቸዋል። የሚሻለው ለሞርሳው ተክሎ፣ መስፉ በሚፈለግበት ጊዜ መቆሚያ የሚሆን ጠንካራ የእንጨት መርገጫ ማዘጋጀት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ሁለት እግር በልቅነት የሚያስቆም ስፋት ይኑረው፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይቅር።

ቦታውን ስትመርጡ ቋሚው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጥቂት ወጣ ይበል፤ ረጅም አንጎላሬ ወይም ቧንቧ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲያዝ ጠረጴዛው እንዳያግደው ነው። መስፉ ደግሞ በጠረጴዛው እግር አናት ላይ መዋል አለበት። በሁለት እግሮች መካከል ባዶ ጣውላ ላይ ከዋለ ጣውላው እንደ ሞላ ይነጥራል፤ ግማሽ ምቱ ይባክናል፣ ሌላው ግማሽ ወደ አንገቱ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር። የኋላው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ባዶ ነው፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በመስፉ ሆድና በጠረጴዛው መካከል ያለውን ክፍተት ለክታችሁ የወይራ ቁራጭ ጭረቱ ወደ ላይ እንዲቆም አድርጋችሁ አዘጋጁ፤ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ብቻ የሚገባ መሆን አለበት። ያቺ ቁራጭ እንጨት ምቱን ከአንገቱ ላይ አንሥታ ወደ ጠረጴዛው እግር ታወርደዋለች። ወይራ ካጣችሁ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይኮማተርና ክፍተቱ ተመልሶ ይመጣል፣ እናንተም ሳታውቁ አየር ላይ ትመታላችሁ። በየወሩ በጣት ነካ አድርጋችሁ ላልታ እንደሆነ እዩ፤ ከላላች ስስ ላሜራ ጨምሩባት። የሚሽከረከር መቀመጫ ያለው ከሆነ ለመስፍ ሥራ እንጨቷ የግድ ናት፤ ያለ እሷ ምቱን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለቱ የማጥበቂያ ብሎኖች ናቸው።

ለማሰሪያ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ ከሥር ሮንዴላ ብቻ ሳይሆን 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን። ጆሮዎቹ ወጣ ገባ ባለ ጣውላ ላይ በኃይል ከተጠበቁ ይሰበራሉ፤ ጣውላውን አስቀድማችሁ ላጉ።

ምን ይመታበታል፣ ምን አይመታበትም

ግማሽ ኪሎ መዶሻ የዚህ መስፍ ጓደኛ ነው። ሪቪት መምታት፣ የጎበጠ ላሜራ ማቃናት፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ማጠፍ፣ ማጭድ ማቃናት፣ የሰንሰለት ፒን ማስወጣት፣ ቀጭን ብረት በቀንዱ ላይ ቀለበት ማድረግ ሁሉ ይሆናል። 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእሳት ቀልቶ ቢቀጠቀጥም ችግር የለም፤ የጋለ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ምቱን ራሱ ይውጠዋል። የሚጎዳው ሲቀዘቅዝ ነው፦ ቀይነቱ ከጠፋ በኋላ የሚመታ ሰው ብረቱን ሳይሆን መስፉን እየመታ ነው። ባዶውን ፊት በመዶሻ መምታት ደግሞ በምንም ምክንያት አይገባም። ዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉም መጀመር የለም።

ማረሻ ማሾል፣ የመጥረቢያ ዓይን መክፈት፣ ባሌስትራ መቀጥቀጥ የእውነተኛ መስፍ ሥራ ነው። ለዚያ የከባድ መኪና አክስል ቁራጭ በግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ቢተከል ከየትኛውም ባለ መስፍ ሞርሳ ይበልጣል፤ ምቱ በርዝመቱ ስለሚወርድ ቁራጩ ትንሽ ቢሆንም አይነጥርም። የሐዲድ ቁራጭ ሲቀርብላችሁ ግን ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር የሕዝብ ንብረት ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ሐዲድ መግዛት ጣጣ ነው።

ለሞርሳው በኩል ደንቡ አንድ ነው፦ እጀታው ላይ ቧንቧ አይሰካ። የእጀታው ርዝመት የተቆረጠው አካሉ የሚችለውን ኃይል ታስቦ ነው። በእጅ ክብደት አልያዝ ካለ ችግሩ መንጋጋው ወይም አያያዙ ነው። ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ላይ አይመታም፤ መምታት ግድ ከሆነ የምቱ አቅጣጫ ወደ ቋሚው መንጋጋ ይሁን።

ቪቴው ግሪስ፣ መንሸራተቻው ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። መንሸራተቻውን ግሪስ ከቀባችሁት የሞረድ ብናኝ ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ራሱን ይፈጨዋል። በክረምት ማታ ሥራ ሲያልቅ ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉና በጨርቅ ሸፍኑት፤ ላስቲክ ግን እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል። ስትለዩትም መንጋጋውን አጥብቃችሁ አትተዉት፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል።

አንድ የገበያ ምክር ይቀራል። ቀንዱ የተሰበረ ወይም የኋላው ክፍል ተገንጥሎ የሄደ ባለ መስፍ ሞርሳ መደብ ላይ ሲቀመጥ ማንም አይጠይቀውም፤ ሻጩም በተራ አሮጌ ብረት ዋጋ ይለቀዋል። ቪቴውን ፈትሹ፣ ወረቀቱን በመንጋጋው ሞክሩ፣ አንገቱን በጋዝና በጠመኔ እዩ። ስብራቱ ከመንጋጋው አካል ርቆ ካለቀ ወፍራምና ከባድ ሞርሳ በኪሎ ዋጋ ወሰዳችሁ ማለት ነው። የተሰበረውን ጠርዝ በሞረድ አክብቡትና ትከሉት።